እግሩን ሳይሆን ፊቱን

ውድ እህትዓለም፣

ውሻችን ቋሊማ አልሞተም። ልብሽ ተንጠልጥሎ እንዳታነቢ ብዬ ነው አስቀድሜ የነገርኩሽ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሶፋው ዘሎ ሲወርድ አንዴ ጮኸ። ከዚያ ያን ረጅም ወገቡን መሬት ለመሬት እየጎተተ ወደ ሳህኑ ሄደ፤ የኋላ እግሮቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይከተሉታል። እማዬ ደነገጠች።

«ሐኪም ቤት እንውሰደው እንዴ?»

የእንስሳት ሕክምና ስታጠኚ ውሻችን ላይ የምትለማመጂው እኔን ረዳት አድርገሽ ስለነበር አሁን የቤቱ ሐኪም እኔ ነኝ። የኋላ እግሩን ጣት ቆነጠጥኩት። እግሩን ሰበሰበ።

«አየሽ? ይሰማዋል! ትንሽ ይረፍ» አልኳት። አመነችኝ። እሑድም ቆነጠጥኩት፤ ሰበሰበ።

አንቺ ግን አስተምረሽኝ ነበር። «እግሩን መሰብሰቡ ምንም ማለት አይደለም። ያንን ወገቡ ውስጥ ያለው ነርቭ አንጎሉን ሳያማክር ያደርገዋል። ፊቱን እይ! ዞሮ ካላየህ ወይም ካልጮኸ አልተሰማውም። ያኔ ተሸክመኸው ሩጥ» ብለሽኝ፣ እኔም «እሺ ፕሮፌሰር» እያልኩ አሹፌብሻለሁ።

ሰኞ ሽንቱን መሽናት ሲያቅተው አንቺን ታለማምድሽ የነበረችው ዶክተር ጋ ወሰድነው። ጣቱን በመቆንጠጫ ያዘችና ፊቱን አየች። ቋሊማ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

«መቼ ጀመረው?»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ? የእሷ ወንድም ሆነህ?» አለችና ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች።

ከመጨረሻው ጎድኑ በታች፣ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ፈንድቶ ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል። ጀርባውን ላጭታ ቀደደችው፤ ከአጥንቱ ጎን ጥፍር የምታህል መስኮት ከፍታ የፈሰሰውን ጠርጋ አወጣች። በኋላ በብልቃጥ አሳየችኝ፤ የደረቀ የጥርስ ሳሙና ይመስላል። «መሄዱን እንጃ። ቅዳሜውኑ ቢመጣ ኖሮ...» አለች።

ለምን ፊቱን እንዳላየሁ ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ። ከአደጋው በኋላ ራስሽን ስተሽ ሆስፒታል የተኛሽ ጊዜ፣ በአራተኛው ቀን እጄን ጨበጥሽኝ። ኮሪደሩ ድረስ ሮጬ «እማዬ፣ ነቃች! እጄን ጨበጠችኝ!» ብዬ ጮህኩ። እማዬ የማታውቃትን ነርስ አቅፋ ሳቀች። በማግስቱ ሞትሽ።

ፊትሽን አላየሁም ነበር፤ እጅሽን ብቻ። የቋሊማ እግር ምንም ማለት ካልሆነ የአንቺ እጅስ? ይህን ፈርቼ ነው ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ሐኪም ሳላሳይ ያስቀመጥኩት።

ዛሬ ከቀዶ ጥገናው ዐሥራ አንደኛው ቀኑ ነው። ሆዱን በፎጣ ደግፌ አቆምኩትና ጣቱን ቆነጠጥኩ። ፊቱን አየሁ። ምንም። ጠበቅ አደረግኩት። ቀስ ብሎ ዞረ፣ እንደ ሌባ ገላመጠኝ፣ ከዚያ አውራ ጣቴን በጥርሱ ያዘ።

«እማዬ! ነከሰኝ!»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል፣ አንተ ጅል?»

ጣቴን እያጠበችልኝ ስለ አንቺ አነሳች። «እሷም እኮ በመጨረሻ ይችኑ እጅህን ነው የጨበጠችው» አለች። ለሰው ሁሉ እንዲህ ነው የምትናገረው። ያኔ ፊትሽን እንዳላየሁ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እንዳስተማርሽኝ ፊቷን አየሁ።

«አዎ፣ ጠበቅ አድርጋ» አልኳት።

ረዳትሽ