ለቡሬው የጭነት ሹም፣ ስለ ወንድሜ ስለ ዳኘውና ስለዚያ ካሚዮን

ቡሬ፣ ጥር ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ ቀኛዝማች ተስፋው፣ በኢጣሊያ መንግሥት ፈቃድ የቡሬ የጭነት ሹም፤

እንደምን ሰንብተዋል? የሰማይ አምላክ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ አዲሱን የቆርቆሮ ቤትዎንም ከነፋስና ከመብረቅ ይጠብቅልዎ እያልሁ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እኛ ከአንድ ሰው መጉደል በቀር ደኅና ነን። የጎደለው ታናሽ ወንድሜ ዳኘው ነው። ይህን ደብዳቤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በመላክ ፈንታ ከገበያው ዋርካ ላይ የለጠፍሁት ለድፍረት አይደለም። እርስዎ በዚሁ ዋርካ ሥር ነጋሪት አስጎስመው “ዳኘው ጠጥቶ የመንግሥት ካሚዮን ገደል ከተተ” ብለው ስላስነገሩ፣ አዋጁን የሰማ ሕዝብ መልሱንም በዚያው ቢሰማ ይሻላል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ካሚዮኑ አመሰግናለሁ። ወታደሩ በየዳገቱ ሲያንገላታው ኖሮ አልፈልግም ብሎ የተወውን አሮጌ ካሚዮን ለወንድሜ ሲያስረክቡት “እንደ ሙሽራ ያዘው” ብለውት ነበር። እርሱም እንደ ሙሽራ ያዘው። ዳኘው መንዳትን ደብረ ማርቆስ ከአንድ አርመን ነጋዴ ዘንድ የተማረ፣ ከሰው ወሬ ይልቅ የሞተር ድምፅ የሚያዳምጥ ዝምተኛ ሰው ነበር። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ካሚዮኑ ወደ ግራ መሳብ አመጣበት። በሜዳው ላይ እንኳ መሪውን ወደ ቀኝ ገትሮ ካልያዘው ወደ ቦዩ ይሄዳል። ጉድጓድ ሲረግጥ ከፊት በኩል አንድ ነገር ቋ ይላል። ቁልቁለት ላይ ፈጠን ሲል ደግሞ መሪው በእጁ ውስጥ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ የጠረጠረው ጎማውን ነበር። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረው፤ መሳቡ አልተወውም። ነፋሱን አስተካከለ፤ ያው ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ጠራኝና መሪውን እንድይዝለት ለመነኝ። እኔ የቅኔ መምህር እንጂ የብረት ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ወንድሜ ነውና ኩታዬን አጣፍቼ ወጣሁ። የፊቱን እግር በክሪክ ከመሬት አነሣው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው ጽኑ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዞ ሲነቀንቀው ግን ያ ድምፅ ተሰማ። ከሥር ገብቶ ተንጋለለና መሪውን ወዲያና ወዲህ እንዳወዛውዘው ነገረኝ። ሩብ ዙር ያህል ሳዞረው ጎማው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ፣ እንደ ጉልበት ከሚተጣጠፍበት መጋጠሚያው ላይ ተበልቶ አልቆ ኖሯል። በዚያ ላይ የፊቱን ክብደት የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ባሌስትራ የሚሉት፣ በግራ በኩል ተሰብሮ እግሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል። መሳቡም ከዚህ የተነሣ ነበር።

ከሥር ሳይወጣ “የኔታ፣ ይህ መጋጠሚያ መንገድ ላይ ከወለቀ መሪው የኔ፣ ጎማው የእግዚአብሔር ነው” አለኝ።

ሁለተኛ፣ ራስዎ መጥተው ስላዩልን አመሰግናለሁ። ሌላ ሹም ቢሆን አልሰማሁም፣ አልተነገረኝም ይል ነበር። እርስዎ ግን ካባዎን ሰብስበው ከወንበሩ ላይ ወጡ፣ መሪውን በገዛ እጅዎ አወዛወዙት፣ “ይህስ እንደ አሮጊት ጥርስ ይነቃነቃል” ብለው ሳቁ። መጋጠሚያው ከአስመራ እስኪመጣ በሽቦ ይታሰር ብለው አዘዙ። ዳኘውም ሽቦ ቁልቁለት እንደማይችል አስረድቶ፣ ወደ ደምበጫ የሚሄደውን ዱቄት አዲሱ ካሚዮን እንዲጭነው ለመነዎ። አዲሱ ካሚዮን ግን ከደብረ ማርቆስ የቤትዎን ቆርቆሮ ሊያመጣ ታዝዞ ነበር። ያን ጊዜ ያሉት ቃል ቆመው የሰሙት ሁሉ ያስታውሱታል፦ “ዱቄቱ ነገ ደምበጫ ካልገባ፣ የሽፍታ ወዳጅ መሆንህን ለካፒቴኑ እነግራለሁ።” ከዚህ ቃል በኋላ ምን እንደሚከተል ለቡሬ ሰው አላስረዳም። ካፒቴኑ ሰው የሚያሰቅልበትን ገመድ ሁላችንም አይተነዋል።

በማግስቱ መጋጠሚያውን በሽቦ አስሮ ሄደ። ከዱቄቱ ጆንያ በላይ ደግሞ እርስዎ ባሉት መሠረት መንገደኞች ተጫኑ። ከነዚያ አንዷ እመት ባንቺአየሁ ናት፤ አራስ ልጇን ልትጠይቅ ወደ ደምበጫ ትወርድ ነበር። የምጽፈው እርሷ የነገረችኝን ነው። ዳኘው መንገዱን ሁሉ እያዘገመ ነዳ። ከብር ወንዝ ቁልቁለት አፋፍ ሲደርስ አቆመና ሁሉም እንዲወርዱ፣ እስከ ወንዙ በእግራቸው እንዲመጡ፣ እዚያ እንደሚጠብቃቸው ነገራቸው። ሰው አጉረመረመ። እርሱ ዕቃቸውን እየተቀበለ አወረደላቸው። ባንቺአየሁ ነገሩ ገብቷት፣ ታዲያ አንተስ ለምን አትወርድም ብላ እጁን ያዘችው።

“እኔ ከወረድሁ አቻምየለሽን ይጠይቋታል” አላት።

አቻምየለሽ ሚስቱ ናት። ይህን ብሎ ተነሣ። ከአፋፉ ላይ ሆነው ሲያዩት፣ ከጠመዝማዛው ሲደርስ የካሚዮኑ ፊት ተንቀጠቀጠ፣ እርሱም መሪውን ወደ ቀኝ፣ አሁንም ወደ ቀኝ አዞረ። ጎማው ወደ ግራ ሄደ።

እኔና የሰፈሩ ሰዎች ወደ ገደሉ ስንወርድ ሽቦው እንደ ፈትል ተበጥሶ፣ መጋጠሚያው ወልቆ አገኘነው። እጆቹ ገና መሪውን ይዘው ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅሁ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ፤ ስለዚህ ወንድሜ ከመሪው እጁን አንሥቶ ነበር የሚል ቢመጣ ወደ እኔ ይላኩት። ጠጥቶ ነበር ስላሉት ደግሞ፣ ዕለቱ የገና ጾም ዓርብ ነበር። ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ነው የሞተው።

ሦስተኛ፣ ከቀብሩ ላይ ስለ መገኘትዎ አመሰግናለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእርስዎ እንባ ከእናታችንም በልጦ ፈሰሰ። ካፒቴኑ ካሚዮኑን ማን ሰበረው ብሎ ሲጠይቅዎ ግን እንባዎ ደርቆ ኖሮ፣ መከራከር ከማይችለው ሰው ላይ ጣሉት። ብልህነትዎን አደንቃለሁ። ከዚያ ወዲህ አቻምየለሽ ገበያ አትወጣም። የሰካራም ሚስት ሲሏት ሰምታ ተመለሰችና ልብሱን አጥባ አሰጣችው፤ ሲደርቅ እንደገና ታጥበዋለች። ምን ሆነሽ ስላት፣ የጠላ ሽታ አለው ይሉ ይሆናል አለችኝ።

እኔም እንደ ቀድሞው ማስተማር አልሆነልኝም። መሪ የሚለው ቃል ለቅኔ የተመቸ ነው፤ ሰሙ በሾፌር እጅ ያለው፣ ወርቁ እንደ እርስዎ ያለው ጌታ ነው። ተማሪዎቼ በዚህ ቃል ቅኔ ሲቆጥሩ እሰማለሁ። ልመልሳቸው አፌን ስከፍት የምሰማው ያንን ቋ የሚል ድምፅ ነው።

የምንጠይቅዎ ካሳ አይደለም። ያንኑ ነጋሪት በዚሁ ዋርካ ሥር አስጎስመው “ዳኘው አልጠጣም፤ ሰው አውርዶ ሞተ” ያሰኙልን። ይህን ማለት ለሹመትዎ የሚያሰጋ ከሆነ ግን አይድከሙ። ባንቺአየሁና ከእርሷ ጋር የወረዱት ሰዎች በየሄዱበት እየተናገሩት ነው። እኔንም ቢፈልጉኝ አልሸሽም፤ ጧት ከቅዳሴ፣ ከሰዓት በኋላ ከመቃብሩ አጠገብ ነኝ።

ዕድሜዎ ይርዘም፤ የሠሩትን ሁሉ እስኪያስታውሱ ድረስ ይርዘም።

በዘመነ ሹመትዎ አንድ ወንድም የጎደለበት፣ ጎንበስ ብሎ ከመሬት የቀረ ታዛዥዎ፣
መሪጌታ ክንፈሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለተዝካሩ እንዲታረድ የላኩት በግ ደርሶናል። ጥርሱንም እግሩንም አየሁት፤ አንድ እንከን የሌለው ነው። ሲፈልጉ ደኅናውን መርጦ መላክ እንደሚያውቁበት በዚህ ተረዳን። አቻምየለሽ ግን ከቤቷ አላስገባችውም፤ ከደጅዎ አስረነዋል፣ ውሃ ያጠጡት።