የቮልዩሙ መዞሪያ ኪሴ ውስጥ ነው

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ከትምህርት ቤት ስመለስ መብራት የለም። አመሻሹ ላይ መጣ። አምፕሊፋየሩን ከፈትኩ… እዝዝዝዝ። ይኸው ሁለተኛ ሳምንቱ። በግራ በኩል ንብ የገባበት ይመስላል።

በራሴ ደመወዝ የገዛሁት የመጀመሪያ ዕቃዬ ነው። ትንሽ፣ ጥቁር፣ የአባዬን ሁለት የድሮ ስፒከሮች ብቻ እንዲያሠራ ተብሎ የተገዛ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ስፒከሮቹ የአበባ ማስቀመጫ ሆነው ነበር። ሻጩ "እህቴ፣ ዋጋው የድሃ፣ ድምፁ የሀብታም" አለኝ። ሀብታም ቤት ንብ ያረባሉ እንዴ?

እንደኔ ርካሽ አምፕ የገዙ ሰዎች የሚያለቃቅሱበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ጻፍኩላቸው። አንዱ መለሰ፦ "ወንድሜ፣ የላፕቶፕህን ቻርጀር አምፑ ከተሰካበት ማከፋፈያ ንቀለው።" ሄራን የሚል ስም እያየ ወንድሜ! ነቀልኩት። ንቡ ጠፋ። ተናደድኩም፣ ሳቅሁም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ብሉቱዙ ደግሞ ያገኘውን ስልክ ሁሉ ያስገባል። ዛሬ በጸጥታ መዝሙር እየሰማሁ፣ ድንገት አንዲት ሴትዮ ሳሎናችን ውስጥ ስለ ፀጉር ቅባት መጮህ ጀመረች። የጎረቤታችን የኖላዊት ስልክ።

በአጥሩ ላይ "ኖላዊት፣ ከቤቴ ውጪ!" አልኳት።

"እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ እኮ!"

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ወንድሜ ኢሳያስ በመዘምራኑ ሁሉ ፊት "ለኮንፈረንሱ የሄራንን አምፕ እናመጣለን" አለ። መሪያቸው ነው፣ ይናገራል። እኔን ግን አልጠየቀኝም።

"አታመጡም" አልኩ። ለሁለት ስፒከር ለሳሎን የተሠራ ነው፣ ሁለት ትልልቅ የሞንታርቦ ስፒከር ከጨመራችሁበት ጭነቱ በዝቶበት ይቃጠላል ብዬ አስረዳሁ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንኳ ይገባቸው ነበር።

ኢሳያስ ሳቀ። "ሽቦ ሽቦ ነው፣ ቲቸር።"

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ደበሌ ከኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። "ለጌታ ቤት የሚነፈግ ዕቃም አለ ማለት ነው?" አሉ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። መልስ መስጠት ነበረብኝ?

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ከረቡዕ ጀምሮ ጨንቻ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ዛሬ ከዚያ ብርድ ወደዚህ ሙቀት ወረድኩ። ቤት ስገባ አምፑ ቦታው ላይ ነው፣ ግን የማላውቀው ጨርቅ ለብሷል። ጨርቁን ገለጥኩት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

እማዬ አስቀመጠችኝ። ጋሽ ደግፌ ዓርብ ዕለት አርፈዋል። መዘምራኑን የመሠረቱት፣ አባዬን መዝሙር ያስተማሩት ጋሽ ደግፌ… አለቀስኩ። መጀመሪያ ለእሳቸው ነው ያለቀስኩት፣ ይህን ልጻፈው።

ከዚያ ቀሪውን ነገረችኝ። ኢሳያስ አምፑን ወደ ለቅሶው ድንኳን ወሰደ። የድሮ ቅጂያቸውን፣ ራሳቸው ጋሽ ደግፌ የዘመሩትን ከፈቱ። መሀል ላይ ጧ! ጭጭ። ባለቤታቸው እትዬ አገርነሽ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ አሉ።

"ማን ፈቀደለት?"

"ለቅሶ ፈቃድ ይጠይቃል እንዴ ልጄ?"

አይጠይቅም። አውቃለሁ። ለቅሶ ሲመጣ ወንበሩም፣ ድስቱም፣ ጀሪካኑም የሰፈሩ ነው። በዚህ አልተጣላሁም። ግን ስልክ አለ አይደል? ቢደውልልኝ ከጨንቻ በእግሬም ቢሆን ወርጄ በትክክል አገናኝላቸው ነበር።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

የመምህራን ክፍል ውስጥ መነን ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "እውነት ነው እንዴ?" አለችኝ። ምኑ? "ሆን ብለሽ የተበላሸ ሰጥተሽ ለቅሶውን አሳፈርሽ ይላሉ።" መነን ከጎንደር የመጣች ናት፣ እዚህ ዘመድ የላትም። ወሬው እሷ ጋ ከደረሰ ሐይቁ ውስጥ ያለ አዞም ሰምቷል።

ማታ ኢሳያስን ገበታ ላይ ያዝኩት። "ከተማ ውስጥ እንኳ አልነበርኩም። ሞንታርቦውን አንተ ነህ ያሰርክበት። ተናገር።"

ያላምጣል።

"ኢሳያስ!"

"ዕቃው ርካሽ ነበር" አለና የሽፈራው ቅጠል ወጡን ጨለፈ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ሲቀላ ሰፈር ያለ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። በአንድ አፍታ መለሰልኝ። "ከእንግዲህ ፊውዙ አይበጠስም።" ከፍቼ አየሁ። በፊውዙ ፋንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ!

"አዎ፣ ፊውዙ አይበጠስም፣ ቤቱ ይቃጠላል እንጂ" አልኩት።

"አባትሽን ወይ ወንድምሽን ላኪ፣ እናስረዳቸዋለን።"

አንድ ቃል ሳልጨምር ይዤው ወጣሁ። ራሴን አደንቃለሁ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

የትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ፈታሁት። ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ መሀሉ ተሰንጥቋል። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሚኒባስ ሹፌር በኩል አዘዝኩ። ግሩፑ ላይ ፎቶውን ለጠፍኩ። "ወንድሜ፣ ምን ጭነህበት ነው?" ምን ልበላቸው? የሰፈር ለቅሶ?

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

አዲሱ ቺፕ መጣ፣ በየድኩት። አዲስ ፊውዝ አስገባሁ። ሠራ! ቀኙም ግራውም። ጣቴ ተቃጥሏል፣ ግድ የለኝም።

ከዚያ የቮልዩሙን መዞሪያ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። እስቲ አሁን ውሰዱት።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ጋሽ ደበሌ እማዬን አናግረዋታል። በሚቀጥለው እሑድ "ዕርቅ" አለ። እኔ እትዬ አገርነሽን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ይቅር ይላሉ፣ ይጸለያል፣ አለቀ።

"ላልሠራሁት?"

"አንድ ቃል ነው ሄሪዬ። ምን ይጎድልብሻል?"

"ስሜ።"

እማዬ ራሷን ያዘች። "ልክ እንደ አባትሽ!" ስድብ መስሏት።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

በሩ ተንኳኳ። እትዬ አገርነሽ፣ ብቻቸውን፣ ግማሽ እጅ ሙዝ በፌስታል ይዘው። ለነገው ይቅርታ ሊያዘጋጁኝ የመጡ መሰለኝ።

ተቀመጡ። ስልካቸውን ዘረጉልኝ። "ያን መዝሙር… መጨረሻውን አልሰማሁትም።"

መዞሪያውን ከኪሴ አወጣሁ።

"ኪስሽ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ?"

"ሌባ አለ።"

"ሌባውማ ወንድምሽ ነው" አሉና ሳቁ። ባሏ የሞተባት ሴት እኔን አሳቀችኝ!

ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። የጋሽ ደግፌ ድምፅ ከአባዬ ስፒከሮች ወጣ። መተንፈሳቸው ሳይቀር ይሰማል። መጨረሻው ላይ ሳል ያዛቸው፣ ከዚያ "ኧረ ተሳስቻለሁ፣ እንደገና!" ብለው ቅጂው ቆመ። እትዬ አገርነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። "ሁልጊዜ እንደገና ነው እሱ…" እያለቀሱ ይስቃሉ።

ሁለቴ ሰማነው።

ሲነሱ ነው የነገሩኝ። "ያን ቀን ድምፁን ጨምር ያልኩት እኔ ነኝ። ሞንታርቦውንም ይሰርበት፣ ሲቀላ ድረስ ይሰማ አልኩ። ኢሳያስ 'እትዬ፣ ሄራን ይቃጠላል ብላለች' አለኝ። እሰር አልኩት።"

ብላለች! ያውቅ ነበር። የእኔን ቃል በአፉ ተናግሮታል።

ከምሽቱ ኢሳያስን ጠየቅኩት። "እሰር ያሉኝ እትዬ ናቸው ብዬ በኀዘናቸው ላይ ላሳፍራቸው?" አለኝ።

"እና እኔን?"

ወደ ክፍሉ ገባ። እኔ ርካሽ ነበርኩ፣ ከአምፑም በላይ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ጋሽ ደበሌ ጸልየው ጀመሩ። ስለ ትሕትና ብዙ ተናገሩ። "እንግዲህ ልጃችን ሄራን፣ አንድ ቃል…"

"አልልም" አልኩ። እማዬ ቀሚሴን ጎተተች። "በሌለሁበት ለተደረገ ነገር ይቅርታ አልጠይቅም።"

"ይቺ ልጅ! ትምህርቱ ነው…"

እትዬ አገርነሽ ጣልቃ ገቡ። "ጋሽ ደበሌ፣ አንዴ ይቆዩኝ። እሰር ያልኩት እኔ ነኝ። ኢሳያስ ልጄ፣ ያሰረውስ ማን ነው?"

ኢሳያስ መሬት መሬት አየ። መዘምራኑ ሁሉ ነበሩ።

"እኔ ነኝ። ሄራን አልነበረችም። አታድርጉ ብላን ነበር።"

ጋሽ ደበሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲያው… እንጸልይ።"

ይኸው ነው። እኔን ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ጸሎቱ ላይ ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ አንድ በአንድ አየኋቸው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

የኖላዊት አማት ሌሊት አረፉ። ጠዋት ኢሳያስ ክፍሌ በር ላይ ቆመ። አልገባም። "አምፑን…" አለ፣ አቆመ፣ እንደገና ጀመረ። "አንቺ ይዘሽው ትመጫለሽ?"

ትምህርት ቤት ደውዬ አስፈቀድኩ። የአባዬን ስፒከሮች ድንኳኑ ውስጥ ከሰዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩ፣ ሲቀላ ድረስ አይሰማም፣ አይሰማ። አንዱ ልጅ ሞንታርቦ እየጎተተ መጣ፣ ኢሳያስ ራሱ መለሰው። ጋሽ ደበሌ ሴት ልጅ ሽቦ መሀል ተቀምጣ ሲያዩ አፋቸውን ከፈቱ… ዘጉት። ጎሽ።

መዞሪያውን ከኪሴ አውጥቼ ሰው ሁሉ እያየ ገጠምኩት።

ኢሳያስ ጎኔ ተንበርክኳል፣ በሁለት እጁ ሁለት የሽቦ ጫፍ ይዟል። ከልጅነታችን ጀምሮ እስከ ዛሬ ጠዋት እኔን አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

"የቱን የት ልሰር?" አለኝ።

"ቀዩን ከቀዩ ጋ" አልኩት።