ኳስ መልቀቅን የተማርኩበት ክረምት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለግሌኒስ፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ ዛሬም በሽተኛ ባነሳሽ ቁጥር ታቃስቻለሽ? ሮስስ ከወርቅ ጉድጓዱ በሰላም እየገባ በሰላም እየወጣ ነው? ልጆቹ በርትተዋል? የከተማችሁ የካልጉርሊ አቧራ መቼም አይጠየቅም፤ እሱ ደህና እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ሰውነቴ ከመዛሉ በቀር ደህና ነኝ። እማዬ ደህና ናት፣ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የሚያስቸግራት። አባባም ደህና ነው፤ ስለ እሱ ግን ኋላ እነግርሻለሁ።

ስደውልልህ ዝም ትላለህ ብለሽ መቀየምሽን እማዬ ነግራኛለች። እውነትሽን ነው። ስልክ ሲሆን «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም። ዛሬ እሑድ ጠዋት ነው፤ ሁለቱንም እግሬን የበረዶ ባልዲ ውስጥ ነክሬ ተቀምጫለሁ፣ ለምሳ እነእማዬ ቤት፣ ከሪ ከሪ እስክሄድ ድረስ ሥራ የለኝም። ስለዚህ ሁሉንም ከሥሩ ልጽፍልሽ ነው።

ፔታ ቤታችን የመጣች ቀን አንቺ አልነበርሽም። ፔታ የአዲሱ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ክፉ ሴት እንዳትመስልሽ፣ ሥራዋን የምትወድ ሰው ናት። እኛ አገር እንደምታውቂው ከራግቢ ሌላ ጨዋታ ጨዋታ አይባልም። እነሱ ደግሞ ያን በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን የአውስትራሊያን እግር ኳስ ኒውካስል ላይ መትከል ፈለጉ፤ ለመትከል ሰዉ የሚያውቀው ፊት አስፈለጋቸው፤ የተገኘው ፊት የእኔ ሆነ። አባባ በረንዳው ላይ የሣር ማጨጃውን ፈታትቶ ተቀምጦ ነበር። የምትለውን ሁሉ እስክትጨርስ ሰማትና፣ «እመቤቴ፣ የምትፈልጊው ልጄን ነው ወይስ ስሙን?» አላት። እሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አባባ መፍቻ በእጁ ይዞ ሲቀልድ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ለምን ፈረምክ ትይኝ ይሆናል። በራግቢ የምፈልገውን ሁሉ አግኝቼ ነበር፤ ጠዋት ስነሳ ቀኑ እንዴት እንደሚያልቅ አስቀድሜ አውቀው ነበር። አዲስ ነገር መማር አማረኝ። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባባ በቀጥታ አያናግረኝም። እሑድ ምሳ እሄዳለሁ፣ እማዬ የበግ ጥብስና ዱባዋን ታቀርባለች፣ እሱ ደግሞ «ሜርል፣ ለእንግዳው መረቅ አቀብዪው» ይላታል። እንግዳው እኔ ነኝ። አንድ ቀን «አባባ፣ ዘንድሮ ዝናቡ በረታ» ብለው፣ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ «ሜርል፣ እንግዳው ዝናብ አይወድም መሰለኝ» አላት። እማዬ መሳቅም ማልቀስም አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ጥብሴን በላሁ። ምን ላድርግ?

ከተማው ውስጥማ ተይው። ሥጋ ቤት ስገባ «እሺ ብሪን፣ ፒንግ ፖንጉ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ እየዘለሉ ኳስ መቅለቡን ማላገጣቸው ነው። መጠጥ ቤት ስገባ አንዱ የቢራ ማስቀመጫ ወረቀት ወደ ጣሪያ ይወረውርና «ዝለልና ያዘው እንጂ!» ይለኛል፤ ሌሎቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ይስቃሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔም እስቅ ነበር። አሁን ቢራዬን ቤቴ ነው የምጠጣው።

የሳምንቱ እኩሌታ ሥራዬ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት መዞር ነው። ልጆቹ የራግቢ ማልያቸውን ለብሰው ይሰለፋሉ፣ እኔ አዲሱን ኳስ እንዴት እንደሚመታ አሳያቸዋለሁ፣ እነሱ ይቀልቡትና ብብታቸው ሥር ወሽቀው ተንደርድረው ይጋጫሉ። ከዚያ እጅ ያወጣሉ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ወደ ራግቢ መቼ ትመለሳለህ?» ፔታ ፎቶ ታነሳና «በጣም ደስ የሚል ቀን ነበር» ትለኛለች። አንዲት አስተማሪ ለባሏ የድሮውን የራግቢ ማልያዬን አምጥታ በድብቅ አስፈርማኛለች።

ወደ ሜዳው ልምጣልሽ። ሩጫው ገደለኝ። የኛ ጨዋታ እንደ ከሰል ጉድጓድ ሥራ ነው፣ ትገፊያለሽ፣ ታርፊያለሽ፣ ትገፊያለሽ። ይኼኛው ማረፍ የሚባል ነገር የለውም፤ ሜዳው ራሱ አያልቅም። ከስቼ ሱሪዎቼ ሁሉ ይወርዱብኛል፣ እማዬ «ምን ያበሉሃል እነዚህ ሰዎች?» ትላለች። ግን ሩጫውንም ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነበር።

አባባ ገና በልጅነቴ ጓሮ አውጥቶ ምን እንዳስተማረኝ ታስታውሻለሽ፤ አንቺን ራስሽን እንድትጥይኝ ያደርግ ነበር። ሰው ሲይዝህ ኳሱን ደረትህ ላይ እቀፈው፣ ምድር ብትደርስም አትልቀቀው። ራግቢ ማለት ይኸው ነው። እናንተ ዘንድ ያለው ጨዋታ ግን ግልባጩ ነው፤ ሮስ ሳይነግርሽ አይቀርም። ሰው ከያዘሽ ኳሱን በእግርሽ ወይም በቡጢሽ ወዲያው ማውጣት አለብሽ፤ አቅፈሽ ከቀረሽ ዳኛው ለተቃራኒው ይሰጥብሻል። እኔ ግን ሰው በነካኝ ቁጥር ክንዴ በራሱ ይቆለፍ ነበር። ሕዝቡ ይህን ስለሚያውቅ ገና ስያዝ ስታዲየሙ በሙሉ «ኳስ!» ብሎ ይጮኽብኝ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ጩኸት ሌላ ትዝ የሚለኝ ነገር የለም።

ግራሃም የሚባል አሰልጣኝ ተመደበልኝ። ሽማግሌ ነው፣ ከደቡብ የመጣ፣ ጉልበቱ የማይታጠፍ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ወጣቶች ከኋላ እየዘለሉ እንዲይዙኝ ያደርግና እሱ ጆሮዬ ሥር ቆሞ «ልቀቅ! ልቀቅ!» ይላል። «አንተ ሰውዬ፣ ሚስት ስታገባ እንዲህ አድርገህ እቀፋት፤ ይህን ቆዳ ግን ልቀቅልኝ» ይለኛል። ሁለት ክረምት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሕልሜ ውስጥ ሳይቀር ልቀቅ ይለኛል።

ከወር በፊት ፔታ ቢሮዋ ጠራችኝ። ብስኩት አቀረበችልኝ፤ ብስኩቱን ሳይ ክፉ ወሬ እንደሆነ ገባኝ። ከአሁን ጀምሮ በሁለተኛው ቡድን እንደምጫወት፣ ከሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጨርሶ መጫወቱን ትቼ ትምህርት ቤት መዞሩን፣ ማስታወቂያ መነሳቱን ብቻ እንድቀጥል እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። «ብሪን፣ ለእኛ ከእግርህ ይልቅ ፊትህ ይጠቅመናል» አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው፤ ያን ያህል ያመመኝም ለዚህ ይመስለኛል። አባባ በረንዳው ላይ የጠየቃትን መልስ ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ሳምንት የድሮው የራግቢ አሰልጣኜ ሞስ ደወለልኝ። «ወሬ ሰምቻለሁ። ማክሰኞ ድምፅህን አጥፍተህ ልምምድ ና፣ ያው ብሪን መሆንህን አሳየኝ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ቦታህን እኔ አስጨርሳለሁ» አለኝ። ለእማዬ ነገርኳት፣ በስልክ አለቀሰች። ከዚያ ስልኩን አንድ ሰው ተቀበላት። «ስንት ሰዓት ነው ልምምዱ?» አለ። አባባ ነው፤ እኔን ነው የጠየቀኝ። ነገርኩት። «እኔ እወስድሃለሁ» ብሎ ዘጋው። እታለም፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ በዚያ አሮጌ ፒክአፑ መጣ። የሻይ ፔርሙዙንና ታጣፊ ወንበሩን ይዟል። መንገዱን ሙሉ አወራ፤ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ማንን ከጎኔ ቢያሰልፉልኝ እንደሚሻል። ሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ወሬ ነው ያራገፈው። እኔ እሰማ ነበር፣ ባይቆም እያልኩ።

የድሮ ጓደኞቼ አቅፈው ሳሙኝ፣ ሰደቡኝ፣ ሁሉም እንደ ድሮው ነበር። ሞስ ኳሱን ሰጠኝና ሩጥ አለኝ። ሮጥኩ። ከመሃላቸው ቱኪና ሌሎች ሁለት ልጆች ያዙኝ፣ ያ የማውቀው ክብደት መጣብኝ፣ እኔ ገና ሳላስብ ቡጢዬ ኳሱን ከእጄ መትቶ አወጣው። ማንም በሌለበት ሜዳ ተንከባለለ። ከዚያ ቱኪ «አንተ፣ ለማን ነው የላክኸው? አድራሻ ጻፍበት እንጂ!» አለና ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሁለተኛም ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ እያሰብኩ ያዝኩት፤ ግን እያሰበ የሚይዝ ሰው ይዘገያል፣ የዘገየ ሰው ይረገጣል። ሳቁም ቀረ። ሞስ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጊዜ ስጠው፣ ይመለሳል» አለኝ። ስሞታ ከማይለየው ከሞስ አፍ እንዲህ ያለ ደግ ቃል ሰምቼ አላውቅም። አባባ ወንበሩን አጠፈ።

ስንመለስ ሬዲዮም አልከፈተም። ድልድዩን ካለፍን በኋላ «ማነው ያስተማረህ?» አለኝ። ግራሃም የሚባል ሰው ነው አልኩት። ትንሽ ነዳና «ጎበዝ አስተማሪ ነው» አለ። ደግሞ ትንሽ ነዳ። «እኔ ዕድሜ ልክህን ያስተማርኩህን በሁለት ክረምት አስለቀቀህ» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በር ላይ አውርዶኝ ደህና ዋል ሳይለኝ ሄደ።

ሞስ ሐሙስ ደውሎ በታችኛው ቡድን አንድ ዓመት ሠርቼ እንድታይ ጠየቀኝ። ሁለት ቀን አልተኛሁም። ከዚያ ሞስን አመስግኜ እንቢ አልኩት። ፔታንም ሄጄ እንቢ አልኳት። «ውሌ ላይ አንድ ዓመት ቀርቶኛል፤ በሁለተኛው ቡድን እጫወታለሁ። ፊቴን የምትፈልጉት ከሆነ ከእግሬ ጋር ነው የምትወስዱት» አልኳት። ብዙ ተከራከረችኝ፣ በኋላ «እሺ፣ ግን ቃል አልገባልህም» አለች። ጀግንነት እንዳይመስልሽ። ሁለቱም ጨዋታ ቤቴ አልሆን ብሎኝ ነው፤ ቢያንስ አንዱን በደንብ ልማረው ብዬ ነው። ለእማዬ በስልክ ነገርኳት። ከጀርባዋ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ሰማሁ፣ አባባ ግን ስልኩን አልተቀበላትም።

ትናንት ጨዋታ ነበረን። ከከተማ ወጣ ያለች ትንሽ ሜዳ ናት፣ ዝናብ ይጥላል። ሰዉ ብርድ ሸሽቶ መኪናውን አፍንጫውን ወደ ሜዳው አድርጎ አጥሩ ሥር ያቆማል፣ ጎል ሲገባ ክላክስ ይነፋል፣ ያ ነው ጭብጨባው። ከዕረፍት በኋላ ቀና ብል የአባባ ፒክአፕ ከመኪኖቹ መሃል ቆሟል። መስኮቱ ዝግ ነው። ጋዜጣ ዘርግቷል። ጎል ሲገባ ሁሉም ይነፋል፣ እሱ ጋዜጣውን ይገልጣል።

እኔ ትናንት ጥሩ ተጫውቻለሁ እታለም። ሳልኩራራ ነው የምልሽ። ስያዝ እለቃለሁ፣ ሲመጣ አቀብላለሁ፤ ግራሃም አንድ ሁለቴ አጨብጭቧል። መጨረሻው ላይ በአንድ ጎል እየመራን፣ አባባ ባለበት አጥር በኩል ኳስ ይዤ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ መጡብኝ። እጄ ነፃ ነበር። የኛ ልጅ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ስሜን ይጠራል። ቡጢዬ ለመምታት ተነሣ። መለስኩት። ኳሱን ደረቴ ላይ አቀፍኩ፣ ሁለቱንም ተሸክሜ ጥቂት ሄድኩ፣ ጭቃው ውስጥ ወደቅኩ፣ አልለቀቅኩም። ክንዴ በራሱ አልነበረም የተቆለፈው፤ እኔ ነኝ የቆለፍኩት።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋብኝ። ሕዝቡ «ኳስ!» ብሎ ጮኸ። ግራሃም ጭንቅላቱን ያዘ። በዚህ ሁሉ መሃል ከአጥሩ ሥር አንድ ክላክስ ጮኸ። አንድ ብቻ። አጠገቡ መኪናውን ያቆመው ሰውዬ አባባን የተቃራኒ ደጋፊ መስሎት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይሰድበዋል፤ አባባ እጁን ከክላክሱ ላይ አላነሳም።

እነሱ በዚያ ኳስ ጎል አገቡ፣ እኩል ወጣን። ግራሃም «ምን ነካህ?» ሲለኝ «ተሳሳትኩ» አልኩት። ልብሴን ለውጬ ስወጣ ፒክአፑ ሄዷል። እንዲህ ነው እንግዲህ። ሰኞ ደግሞ ልቀቅ ስባል እውላለሁ፣ እለቃለሁም። ደክሞኛል፤ ግን ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ አደርኩ ልበልሽ።

ታሊያንና ትንሹን ጄትን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። የሮስን እናት ሰላም በይልኝ፣ የላኩልኝ ካልሲ ልክክ ብሎኛል። እማዬ ወገብሽን በትኩስ ውኃ ያዥው ብላለች። ሮስን በጣም ሰላም በይው፤ ብሪን ኳስ አቅፎ ቡድኑን ድል አሳጣ ብለሽ ንገሪውና እስኪበቃው ይሳቅ። ክላክሱን ግን አትንገሪው፤ እሱ አይገባውም።

የሚወድሽ ወንድምሽ፣
ብሪን

ኒውካስል፣ ኦገስት 14 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.