ነጥቧ ከቅንፉ ውስጥ ወይስ ውጭ?

እሑድ፣ ጧት

ዛሬም ቀይ ክብ። አለቃዬ ኡስታዝ ሐሰን የተረጎምኩትን የልደት ወረቀት መለሱልኝ። «ክብ ማኅተም አለበት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ቅንፍ ውስጥ ከትቼ ነጥቧን ያለቦታዋ ጥያታለሁ። ሕጉን አውቀዋለሁ እኮ፣ ደብተሬ! ቅንፉ ራሱን የቻለ ዓ/ነገር ከያዘ ነጥቧ ውስጥ። የሌላ ዓ/ነገር ቁራጭ ከሆነ ውጭ። ጣቴ ግን አሻፈረኝ አለ። ስንት ዓመት ከቀኝ ወደ ግራ በዐረብኛ ሲተይብ የኖረ ጣት!

የሙከራ ጊዜዬ ሐሙስ ያልቃል። ከቀጠሩኝ እማዬ እዚሁ ከተማ ሪያድ ሰፈር ያለውን ቪላ፣ የሰው ቤት ሥራውን ትታ ጀሪፍ ሰፈር እኔ ጋ ትገባለች። ጉልበቷ አልቋል። ካልቀጠሩኝ... አልጽፈውም።

ማክሰኞ፣ ከ/ሰዓት

ቀይ የለም! ደስታም የለም። እያንዳንዱን ቅንፍ ደጋግሜ ሳይ ፋጡር፣ የረፋዱ ቁርስ፣ ዛሬም አመለጠኝ። ረፋድ ላይ መ/ቤቱ በሙሉ ሥራ አቁሞ ከአንድ ትሪ ፉል ይበላል። ትልቋ ጸሐፊ ሲት አምና «ያላ፣ ተዓሊ»፣ ነይ እንብላ፣ ብለው ጠሩኝ። አይ ብዬ እጄን አወዛወዝኩና ብስኩቴን ቆረጠምኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላናገረኝም። ምን አይተውብኝ ነው?

ረቡዕ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

ቪላው ጋ ሄድኩ። እማዬ በጓሮ በር ወጣች፣ እያነከሰች። ስለ ቅንፉ አወራሁላት፤ ግድም አልሰጣት። ከማን ጋር እንደምበላ ጠየቀችኝ። ብቻዬን ስላት ተቆጣች። «እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ማድ ቤት ቆሜ ብቻዬን የምበላው የሚጠራኝ አጥቼ ነው። አንቺ ተጠርተሽ እንቢ ትያለሽ?»

ይህን ነግራኝ አታውቅም። ከቪላው ሰዎች ጋር የምትበላ ይመስለኝ ነበር። ስመለስ ሪክሻ ውስጥ አለቀስኩ። ተናደድኩም። በቪላው፣ በራሴ፣ በዚያች ነጥብ።

ሐሙስ፣ ከ/ሰዓት

የምተረጉመው የመጨረሻው ገጽ። አንዲት ነጥብ አጠራጠረችኝ። ውስጥ? ውጭ? ትሪው መጣ። እንዳለች ትቻት ተነሣሁ፣ እጄን ታጠብኩ። ሲት አምና ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ንቃን ነው ብለው ኖሯል ለካ! የነገሩኝ ኡስታዝ ራሳቸው ናቸው፣ እየሳቁ፣ ዳቦ እየቆረሱልኝ። አፈርኩ። በላሁ።

በኋላ ያቺን ነጥብ በቀይ ከበቧት። ስለ ቅጥሩ ቅዳሜ እንነጋገራለን ኢንሻአላህ፣ አሉ።

ቅዳሜን አልጠብቅም። ነገ ጁምዓ ነው። ቢቀጥሩኝም ባይቀጥሩኝም እማዬን ከነሻንጣዋ አመጣታለሁ። ምሳ አብረን እንበላለን። ትሪ የለኝም። ሱቁ ሳይዘጋ ልሂድ።