የሳሳው ሰይፍ

ላስ ቬጋስ

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? ልጆቹ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። አባባም እንዳሉ አሉ ብልህ ግን መዋሸት ይሆንብኛል።

አንተ እንደ ልማድህ ከሩቅ ማዘዝ አይታክትህም። የአባባን ሰይፍ አስወልውዬ እንዳስደስታቸው ባልከኝ መሠረት፣ ከሺፍት ስወጣ አርትስ ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር ወዳለ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ወሰድኩት። ሥራው የድሮ ሰይፍ መወልወል ነው። አባባ ከኮሪያ ዘመቻ ሲመለሱ ቶኪዮ እንደገዙት ነገርኩት። መስኮቱ ጋ ይዞት ሄዶ ሲያገላብጠው ቆየና፣ ማን እንዲህ እንዳደረገው ጠየቀኝ።

አፈርኩ። እኔና አንተ ነና! በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የናሱ ዕቃ ሲፈተግ እሱንም አብረን በአመድና በሎሚ አልነበር የምንፈትገው? እየተሻማን፣ አባባ ጎበዞች እያሉን። ለካ ስንበላው ኖረናል።

የዚህ ሰይፍ ላዩ ጠንካራ ብረት፣ ውስጡ ለስላሳ ነው አለኝ። የኛ ላዩ ሳስቶ ውስጡ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። አሁን ቢወለወል ለጥቂት ጊዜ ያምራል፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚተርፍ ነገር አይኖርም። የራሱ ቢሆን ዘይት ቀብቶ እንደሚተወው ነገረኝ። አባቴ ጊዜ የላቸውም ብዬ ለመንኩት። በጨርቅ ጠቅልሎ መለሰልኝ።

ቤት ገብቼ ዘይት ቀባሁትና አባባ ጭን ላይ አኖርኩላቸው። አልነገርኩህም እንጂ ዐይናቸው ማየት ካቆመ ሁለት ወር ሆኖታል። በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገውት፣ ያብለጨልጫል አይደል አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

ሐኪሙ ደግሞ አባባ ኦፕሬሽን ይደረግላቸው ወይስ ይቅር ለሚለው ሰኞ መልስ ይፈልጋል። አንተ ይደረግላቸው ብለሃል። አልተቀየምኩህም፤ እኔም አንተ ቦታ ብሆን እንዲያው ነበር የምለው። ሐኪሙን፣ የራሱ አባት ቢሆኑ ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኩት። መልሱ ከጃፓናዊው መልስ አልተለየም። ሽማግሌው ያለኝን መልሰህ አንብበው። ፈቃዱ ላይ የሚያርፈው ፊርማ የእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ምን እንደማደርግ አላውቅም ጋሼ፣ ጨንቆኛል።

እስከ እሑድ ደውልላቸው። ስለ ኦፕሬሽኑ አታንሳ። ሰይፉን በፎቶ አየሁት፣ ያብለጨልጫል በላቸው።

አምላክ ጤናህን ይስጥልኝ፣ ቤትህን ይጠብቅልኝ፤ ለሁላችንም ብርታቱን ያድለን።

ታናሽ እህትህ