ጎተራህን በልኬ ቆረጥሁት

ይድረስ ለታረቀኝ፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ እዚያ ያለህበት አገር ጉልበትም ወገብም አያምም ይባላል። እኔ ጉልበቴ ብርድ ሲያገኘው ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ከተለያየን ይኸው ሦስተኛውን ገና አሳለፍሁ። እስካሁን ያልጻፍሁልህ ተቀይሜህ አይደለም። የምነግርህ ነገር እስኪበስል እየጠበቅሁ ነው። አሁን በስሏል።

ቤቱን ለቅቄያለሁ።

ለነገሩ ሰምተሃል አሉ። ወንድምህ አያ ሞላ በህልማቸው እየመጣህ «ቤቴን ማን ዘጋው? እሳቴን ማን አጠፋው?» ትላቸዋለህ እያሉ በየሰንበቴው ያወራሉ። አንድ ጊዜ ነጭ ጋቢ ለብሰህ፣ አንድ ጊዜ በበቅሎ ተቀምጠህ ነው የምትመጣው። እኔ እንደማውቅህ በቅሎ ትፈራ ነበር፤ ከሞትህ ወዲህ ለምደህ ከሆነ እንጃ። ግን ታረቀኝ፣ ቅሬታ ካለህ ለምን ወደ እኔ አትመጣም? ዕድሜ ልካችንን አንድ ትራስ ተካፍለን፣ ለስሞታ አያ ሞላ ዘንድ ትሄዳለህ?

በመጨረሻዎቹ ቀኖች «ይችን ቤት እንዳትለቂ» ብለኸኛል። አልክድም። ግን እሺ አላልሁህም። አስታውስ፤ ውሃውን አፍህ ላይ ይዤልህ ዝም አልሁ። አልጋህን ከብቦ የቆመው ሰው ሁሉ ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ወሰደው። አንተ ግን የእኔን ዝምታ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ዝም ካልሁ እምቢ ማለቴ ነው።

ደግሞም ሞክሬያለሁ። ከሄድህ በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ ሞከርሁ። ከደልጊ ግማሽ ቀን በእግር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ዓይን አይቶ የማይጨርሰው ያ እርሻህ ለአንተ ተለክቶ የተሰፋ ነበር። ከዚህ ጫፍ ስትጣራ እዚያ ጫፍ ያሉት በሬዎች ጆሯቸውን ያቆማሉ። የእኔ ድምፅ ግን ከጓሮው አጥር አያልፍም። ሐምሌ ላይ ወባ ጣለኝ። ወንዙ ሞልቶ ወዲህም ወዲያም የሚያሻግር ጠፋ። ስልኩ እንደምታውቀው ኮረብታው ላይ ካልወጡ አይሠራም፤ ኮረብታው ላይ ለመውጣት ደግሞ ጤነኛ መሆን ያስፈልጋል። ለአንድ መንደር የሚበቃ እህል ከራስጌዬ ቆሞ፣ አንድ ኩባያ ውሃ የሚያቀብለኝ ሰው አልነበረም። ከዳንሁ አልቆይም አልሁ። ዳንሁ። አልቆየሁም።

አያ ሞላ ሊተክሉኝ ሞክረው ነበር። «የባል ቤት እሳት አይጠፋም፤ አንች እዚያ ተቀምጠሽ ጭሱ ከታየ ይበቃል» አሉኝ። ጭስ እንድሆን ነው እንግዲህ። ልጃችን አዲሱ ደግሞ ባሕር ዳር ካለው ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍል አሰናዳልኝ። «እማዬ፣ ውሃው በቧንቧ፣ ሐኪሙ ማዶ» እያለ። ልጁም ሚስቱም ወርቅ ናቸው፤ ምንም አልጎደለብኝም። ጧት ተነስቼ የምረግጠው አፈር ብቻ ነው የጎደለኝ። ጎረቤቱን የማገኘው ቆሻሻ ሊጥል በሩን ሲከፍት ነው፤ እሱም ሰላም ብሎኝ ይቆልፋል። ሁዳዴን እዚያ ጾሜ በፋሲካ ፈታሁና ለእሱም እምቢ አልሁት።

የት ሄድሽ በለኝ። መሃረቧ ላይ።

አዎ፣ ያችው። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በዘጌ በኩል እናቴ ያወረሰችኝ፣ አንድ ቃዳ የማትሞላ መሬት። «ያች መሃረብሽ» ትላት ነበር። «ለመናፈጥ ካልሆነ ለምን ትሆናለች?» ብለህ እንግዳ ታስቅባት ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ማለፊያ ቀልድ ነበር፣ አልነፍግህም። ይኸው አሁን መሃረቤ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠርቼ ተቀምጫለሁ። ከኋላ ማንጎና ጌሾ፣ ከፊት ዳጉሳና በቆሎ። በሬን ስከፍት ሐይቁ ይታየኛል። ጎረቤቴ እትዬ የሺ ትባላለች፤ ሳልነሳ ከዘገየሁ አጥሩን እየነቀነቀች «ሞተሻል ወይስ ኮርተሻል?» ትለኛለች። ይኸን የሚጠይቀኝ ሰው ነበር ያጣሁት።

የአንተን መሬት አልጣልሁትም፤ ልብህ አይሸበር። የታች ጎረቤታችን በእኩል እያረሰው ነው፣ የእኛ ድርሻም ለአዲሱ ነው የሚገባ። ከዚያ ቤት ለራሴ ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጎተራህን።

አዲሱ በተወለደ ዓመት በእጅህ የሸመንኸውን፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈውን። ማታ ከብት አስገብተህ ስትመለስ ሳታንኳኳው አልፈህ አታውቅም። ከታች ጀምረህ ወደ ላይ በጣትህ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለህ፤ እህል ያለበት ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ እህሉ ካለቀበት ወዲያ ባዶ ይጮኻል። እዚያ ላይ ቆመህ «እዚህ ደርሷል» ትላለህ። እኔ ጓዳ ሆኜ በዚያ ድምፅ ነው ቀኑ መምሸቱን የማውቅ። ከሄድህ በኋላ ልቅሶ አልበረታብኝም፤ የበረታብኝ ያ ጎተራው ሳይንኳኳ የሚመሽ ምሽት ነው። አዲሱ «እማዬ፣ ጆንያ ባለበት አገር ጎተራ ይጓዛል?» ቢለኝ ምን ብዬ ላስረዳው? ጆንያ ቢያንኳኩት አይመልስም።

በየብስ እንዳልወስደው መንገዱ በዚያ ሰሞን አያስተማምንም ነበር። ጎረቤቶቻችን ወሳንሳ ሠርተው እስከ ደልጊ ተሸከሙልኝ። ከሩቅ ያየ ሁሉ የታመመ ሰው መስሎት «እግዜር ይማር» ይላል፤ ሲቀርብ «ይኸን የሚያህል ምን በልቶ ነው?» ይላል። ከደልጊ በጭነት ጀልባ ጫንሁት። ባለ ጀልባው ዙሪያውን ዞሮ አየውና «እትዬ፣ ከነባለቤቱ ነው ከነእህሉ?» አለኝ። ባለቤቱ ቀድሞ ሄዷል አልሁት። ከዚያ በኋላ አልቀለደም፤ ሸራውን አውልቆ አለበሰልኝ። ጣና መሀል ላይ ማዕበል ሲነሳ ተሳፋሪው እቃውን ሲይዝ እኔ ጎተራህን አቅፌ ተቀመጥሁ። በቁምህ እንደዚያ አቅፌህ አላውቅም፤ ሰው ፊት ታፍር ነበር።

ባሕር ዳር ስንደርስ የወደቡ ሥራ ፈት ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ምርጉ ተሰነጣጥቆ ግማሹ ረግፏል። ከወደቡ በጋሪ መሃረቧ ድረስ አስመጣሁትና እኔና የሺ እበትና ጭድ ለውሰን መልሰን መረግነው። ቆመ። ከቤቴ ጣራ እኩል ሆኖ ቆመ፤ ላይደብቅህ፣ ቤቱ የጎተራው ጓዳ ነበር የሚመስለው።

የመጀመሪያውን አዝመራ ወቃሁና አስገባሁት። ከታች ኳ ኳ ሳደርገው ድፍን ነው፤ ወገቡ ላይ እንደደረስሁ መጮኽ ጀመረ። ለእኔ ዓመት የሚያበላኝ እህል ነው፣ ለእሱ ግን ጥርሱን አልነካለትም። በገና አያ ሞላ መጡ። ገና ከመቀመጣቸው በፊት በከዘራቸው ሆዱን መቱት። ጓ አለ። ደግመው መቱት። «አየሽ፣ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ታረቀኝ ነው የሚያለቅስ» አሉ እንግዳ ሁሉ እየሰማ። «ነይ ተመለሽ። ቤት ከነክብሩ ቆሞ ይጠብቅሻል።» ጠላዬን ጠጡ፣ ዶሮዬን በሉ፣ ሲወጡም ደጃፍ ላይ አንድ ጊዜ መቱልኝ፤ ለስንቅ። በሳምንቱ የመንደሩ ልጆች አጥር ዘልለው እየገቡ ጎተራዬን ይደልቁ ጀመር። የባዶ ጎተራዋ ሴትዮ ሆንሁ።

ያን ሰሞን ማታ ማታ ማንኳኳት ተውሁ። ልመለስ እንዴ ብዬም አስቤያለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጓዜን እስከ መቋጠር ደርሻለሁ። ነጠላዬን ሳጣጥፍ ነው የመጣልኝ። ነጠላው ቢረዝምብኝ አሳጥረዋለሁ እንጂ ቁመት ልበደር አልሄድም።

አናጢ ጠራሁ። መጋዙን ይዞ መጣ፣ የሟች ሥራ መሆኑን ሲሰማ መጋዙን አስቀመጠ። «እትዬ፣ እጄ ያብጣል» አለኝ። እንግዲያው የእኔ ይበጥ ብዬ መጋዙን አንስቼ ጀመርሁት። የሺ በአንድ እጇ ያዘችልኝ፣ በአንድ እጇ ታማትባለች። ከወገቡ በላይ ያለውን ቆረጥሁት፣ ታረቀኝ። የሸመንኸውን ልምጭ አንድ በአንድ ቆረጥሁት። እጄም አላበጠም፤ ውሃ ብቻ ቋጠረ። ክዳኑን በአዲሱ አፉ ልክ አሳነስሁት። የላይኛው ቁራጭ የዶሮ ቤት ሆኗል። ዶሮዎቹ ስፋቱን ወደውታል፤ እንደ አንተ እየተጎማለሉ ነው የሚገቡ።

ወሬው ወዲያው ሐይቁን ተሻግሮ ደልጊ ደረሰ። አያ ሞላ ህልም አዩ። በዚህኛው ህልም አልጋ ላይ ወገብህን ይዘህ ነው አሉ የታየኸው።

ዘንድሮ እህሉ ከአምናው አልበለጠም። እንዲያውም ከዳጉሳው ትንሽ ዝንጀሮ ቀምሶልኛል። አስገባሁት። ለገና አያ ሞላ መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ሳይቀመጡ ከዘራቸውን አነሱ። ከሥሩ መቱት፣ ድም አለ። ወገቡን መቱት፣ ድም። ከክዳኑ ሥር መቱት፣ ድም። ከዘራቸውን ክርናቸው ላይ አንጠለጠሉና በጣታቸው አንጓ፣ ልክ እንደ አንተ፣ ቀስ ብለው ዳሰሱት። የሺ ከኋላዬ ሳቋን በነጠላዋ ይዛለች።

«እስካፉ ነው» አሉ።

«እስካፉ ነው አያ» አልሁ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እሳቸውም ያ ነገር ትዝ እንዳላቸው ከፊታቸው አየሁት። አንተ በዚያ ሁሉ መሬት፣ በዚያ ሁሉ በሬ፣ አንድም ዓመት ከአንገቱ አላለፈልህም። ጥጋብ በሆነበት ዓመት እንኳ ከላይ ሲያንኳኩት ባዶ ነበር። እዚያ ላይ ቆም ትልና «ለከርሞ» ትል ነበር። ከዚያ ትንሽ አንገትህን ደፍተህ ትገባለህ። ለከርሞ፣ ለከርሞ ስትል ነው የሄድህብኝ። ይኸን ስድብ አድርገህ እንዳትወስደው። ጎተራህ ሞልቶ ሳታይ መሄድህ ነው ከሞትህ ይልቅ የሚቆጨኝ፤ ስለዚህ ሞላሁልህ። በልኬ ነው የሞላሁት፣ ግን ሞልቷል።

አያ ሞላ ተቀመጡ፤ ጠላ ሁለተኛ ይቀዳልኝ አሉ። ስለ መመለስ አላነሱም። ሲወጡ ጎተራው አጠገብ ቆም ብለው በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉትና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በህልማቸው የመጣህ አይመስለኝም፤ ብትመጣ ኖሮ እስካሁን ደርሶኝ ነበር።

እንግዲህ ቦታዬን አውቀሃል። ቅር ካለህ ራስህ ና፤ ከሐይቁ ዳር ያለችው መሃረብ ብትል ማንም ያሳይሃል። ይቅርታ ግን አልጠይቅህም። ሰንበት ሰንበት ስምህ በቤተ ክርስቲያን ይጠራል፣ ዝክርህ አይታጎልም፤ እሱ የቄሶቹና የእኔ ነገር ነው። ሌላው ግን የእኔ ብቻ ነው። ከብት ሲገባ፣ የሺ ልጆቿን ስትጠራ፣ ከጓዳ ወጥቼ አንኳኳዋለሁ። ከታች ጀምሬ ወደ ላይ፣ አንተ ሞልቶ ካላየኸው ከአፉ እስክደርስ። እዚያ ቆሜ «እዚህ ደርሷል» እልልሃለሁ። እጄ ማንሳት እስኪያቅተው ድረስ አንድም ማታ ሳላንኳኳ አይመሽም።

የአንተው
አሰለፈች
ከመሃረቧ