በአገውኛ ተቀጥሬ በአማርኛ ስለ መሰረዜ

ለተከበሩ አቶ እንየው፣ የእህል መጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ፤
እንጅባራ

እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደ መጋዘንዎ የሞላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ቃልዎ የቀለለ ይሁን። ይህን የሚጽፍልዎ በአዊ ምድር ፊደል ከቆጠሩት ሁሉ አንደኛ የሆነ ሰው ነው፤ ማለቴ ከማታ ትምህርት ክፍላችን፣ እሱም ወርቅነሽ በቀረችበት ቀን። ቁጥርም ተምሬያለሁና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ጋሪዬን ከመጋዘንዎ በር አቁሜ ጤፍ ሳራግፍ ጠርተው፣ በገዛ አገውኛችን፣ «አበረ፣ ከሰኞ ጀምሮ የዚህ በር ዘበኛ አንተ ነህ፤ ፈረሱን ተገላገለው» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ልፈርም ብል፣ ፊርማዬንም አሳምሬ የተለማመድሁ ስሆን፣ እጄን ይዘው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አሉኝ። ስለዚህ የልጆችዎን ደህንነት ከልብ እጠይቃለሁ።

2. እኔም ታዛዥ ነኝና ፈረሴን ዘንገና ላለው ለሚስቴ ወንድም ለባንተአምላክ ሰጠሁት። ኋላ መልስልኝ ስለው፣ የተሰጠ ነገር አይመለስም ብሎ ድርቅ አለ። በአገራችን እንዲህ ቃል የሚያጸና ሰው መኖሩን እርስዎም ቢሰሙት አይጎዳዎትም ብዬ ነው። ጋሪው ጓሮዬ ውስጥ ዶሮ ያድርበታል።

3. ሰኞ ማልጄ ስደርስ በሩ ላይ «የጥበቃ ሥራ መደቡ ተሰርዟል» የሚል አማርኛ ተለጥፏል። ማንም ሳያግዘኝ አነበብሁት፤ ደስታዬን አይጠይቁኝ። መምህሬ ትዕግስት፣ ነጠላ ሰረዝ ማለት ትንሽ አርፎ መቀጠል ነው ብላ ስላስተማረችኝ፣ ሥራው ትንሽ አርፎ ሊቀጥል ነው ብዬ ከአጥሩ ሥር አረፍሁ። በማግስቱም መጥቼ አረፍሁ። ሥራውስ ቀጠለ፤ በተሰረዘው መደብ፣ በተሰረዘው ወንበር ላይ የወንድምዎ ልጅ ክንዴ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ የጠፋብህ ነገር አለ ወይ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። አስተዳደጉ ግሩም ነው።

4. የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያዋ ወይዘሮ ሶስና አስቀምጣ አስረዳችኝ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፣ መብት አለህ አለችኝ፤ ቀጥላም ምስክርህ ማነው አለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። በዚያ ቀን የነበርነው እርስዎ፣ እኔና ፈረሱ ነን። እርስዎ አላልሁም ብለዋል። ፈረሱ ሐቀኛ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ከአገውኛ በቀር አይሰማም፣ ክርክሩ ደግሞ በአማርኛ ነው።

ይህን ሁሉ ስላስተማሩኝ፣ ከማታው ትምህርት ይልቅ የቀኑ ትምህርትዎ የጠለቀ መሆኑን እየመሰከርሁ፣ ባለቤቴ ደጊቱም ነገሩን ሁሉ ሰምታ፣ ስቃ፣ ሰላምታዋን ያቀረበች መሆኑን እየገለጽሁ እሰናበታለሁ።

ባለጋሪ የነበረው፣ ዘበኛ ሳይሆን የቀድሞ ዘበኛ የሆነው
አበረ (ፊርማዬ ከሥር አለ፤ እባክዎ አይተው ያድንቁት)

ማስታወሻ፦ ከጻፍሁት ሁሉ የደጊቱ ሰላምታ ብቻ የኔ ፈጠራ ነው። አልነገርኋትም። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ከመላክ አልፌ በአደባባይም ለጥፌዋለሁ፤ እሷ ፊደል ስለማትለይ አላስፈራኝም። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ስንቄን ቋጥራ ወደ ሥራ ትሸኘኛለች፤ እኔም ከበርዎ ማዶ ተቀምጬ እበላዋለሁ። ቅዳሜ ግን ወደ ገበያ ስትወርድ በዚያ በኩል ታልፋለች። እስክታልፍ ድረስ ክንዴ ወንበሩን ቢለቅልኝ? ወረቀት አልጠይቅዎትም፤ በቃል ይበቃኛል።